በወለቀ ጥርስ ፈንታ ምን ይተከል?

የሀገራችን ሰው «ጥርስ ባዳ ነው» ይላል። ይህን ማለቱ ልብ እያዘነ ጥርስ ስለሚሥቅ፣ የሆድን ምሥጢር ስለማያውቅ ነው። እኔ ግን የጥርስ ባዳነት የሚገለጠው ሲለየን ይመስለኛል። በአፋችን ሳለ ማንም ልብ አይለውም፤ ከሄደ በኋላ ግን ምላሳችን በቀን ብዙ ጊዜ ወደ ባዶው ቦታ እየሄደች ትጎበኘዋለች። ፍንጭት በእኛ ዘንድ ውበት ነው፤ ወላቃ ግን እንኳን ለባለቤቱ ለተመልካቹም አይመችም።

ውድ አንባቢዬ፣ ዛሬ ላነሣልዎ የፈለግሁት ጉዳይ ከሣቅ ይልቅ ከኪስ ጋራ የተያያዘ ነው። ጥርሱ የወለቀበት ሰው፣ ይልቁንም በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደር ወጣት፣ በዚህ ዘመን በአጥንት ውስጥ በብረት የሚተከለውን ጥርስ ያስተክል ወይስ ይተው? እኔ በዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁና የደረስሁበትን እነግርዎታለሁ።

አስቀድሜ የራሴን ጉድለት ልግለጽ። በታችኛው መንጋጋዬ በግራ በኩል አንድ ትልቅ ጥርስ የለኝም። የተነቀለው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። በዚያን ጊዜ በነበርንበት ትንሽ ከተማ ለጥርስ ሕመም የሚታወቀው መድኃኒት ጉጠት ብቻ ነበረ። የታመመውን ጥርስ አጽድቶ መሙላት፣ ወይም ከሥሩ ውስጥ የታመመውን ነርቭ አውጥቶ ጥርሱን ማዳን የሚባል ነገር በአካባቢያችን የሚሠራ አልነበረም። ነቃዩም እንባዬን አይቶ «አይዞህ፤ የወተት ጥርስ ነው፤ ይተካል» ሲል አጽናናኝ። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ብጠብቀውም አልተተካም።

ነገሩ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጽሔቱን ገጽ ባላጣበብሁበት ነበር። ነገር ግን በማስተምርበት በደሎ መና ተማሪዎቼ ከልብ ሲሥቁ ከበስተኋላ ባዶው የሚታይባቸው ጥቂቶች አይደሉም። ምክንያቱም ይህ ነው። ሕፃን ልጅ ሃያ የወተት ጥርሶች አሉት፤ እነዚህ እየወለቁ በሌላ ይተካሉ። ነገር ግን ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ በስተኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ በጸጥታ አራት ትልልቅ መንጋጋ ጥርሶች ይበቅላሉ። እነዚህ የዘላለም ጥርሶች ናቸው። ወላጅ ግን የወለቀ ጥርስ ስላላየ የወተት ይመስሉታል። ገጻቸው ጎድጓዳ ስለ ሆነ ምግብ ይይዛሉ፤ ስለዚህም ከሌሎቹ ቀድመው ይቦረቡራሉ። ሲያሙም «ይተካል» ተብለው ይነቀላሉ። እንዲህ ሆኖ ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይደርስ ዋናውን የማኘኪያ ድንጋዩን ያጣል።

የጥርስ መውለቅ ደግሞ በባዶ ቦታ ብቻ አያልቅም። ጥርሶች እንደ ተሰለፉ ወታደሮች እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው የሚቆሙ ናቸው። አንዱ ሲጎድል ከኋላው ያለው ወደ ባዶው ያዘነብላል፤ ከላይ በትይዩ ያለው ደግሞ የሚገታው ስለሌለ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። ጥርሱን ይዞት የነበረው አጥንትም ሥራ ስለ ፈታ ይመነምናል፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከስፋቱ ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት አንድ የሥራ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ የተተከለ ጥርስ ይዞ መጣ። ከእውነተኛው ለመለየት ያስቸግራል። እኔም በዕረፍት ጊዜ ወደ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ብጠይቅ የአንዱ ጥርስ ዋጋ የብዙ ወር ደመወዜ ሆኖ አገኘሁት። ያጠራቀምሁት ገንዘብ ግን ነበረኝና ሐሳቤ በሁለት ተከፈለ።

የሚተከለው ጥርስ ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ልግለጽ። ሦስት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ከቲታኒየም የተሠራ፣ እንደ ብሎን ጥርስ ያለው ትንሽ ሥር ነው፤ ይህ በማደንዘዣ መርፌ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው በላዩ የሚታሰር አንገት ነው። ሦስተኛው ከአንገቱ ላይ የሚደፋው፣ ከውጭ የሚታየው ጥርስ ነው። ሥሩ ከገባ በኋላ አጥንቱ እስኪይዘው ድረስ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይጠበቃል።

ይህን ጥበብ ያስገኘው ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ የሚባል የስዊድን ሐኪም ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1952 በሉንድ ከተማ ደም በአጥንት ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር ለመመርመር ከቲታኒየም የተሠራ መመልከቻ በጥንቸል አጥንት ውስጥ አስገባ። ምርመራውን ፈጽሞ መሣሪያውን ሊያወጣ ቢሞክር አጥንቱ ይዞ አልለቅ አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ መሣሪያው ውድነት በተበሳጨ ነበር፤ እርሱ ግን ስለ አጥንቱ አሰበ። በ1965 በዮተቦሪ ከተማ ዮስታ ላርሶን ለተባለ፣ በታችኛው መንጋጋው ጥርስ ላልነበረው ሰው አራት የቲታኒየም ሥሮች ተከለለት። ይህ ሰው በ2006 እስኪሞት ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ አኘከባቸው። የዓለም ሐኪሞች ግን ነገሩን በሰፊው የተቀበሉት በ1982 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ነው። ዛሬ ተገቢ በሆነ ሰው ላይ በጥንቃቄ ከተተከሉት ውስጥ ከመቶ ከዘጠና የሚበልጡት አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላሉ።

ይህንኑ ታሪክ ቡና ለሚነግዱ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ነገርኋቸው። ሐጂ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ባርሲሳ» አሉኝ፤ በእኛ አገር መምህርን የሚጠሩት እንዲህ ነው። «እርጥብ ችካል ለአጥር ስንተክል ሥር ሰድዶ ይበቅላል፤ ደረቅ ችካል ግን ይበሰብሳል። ይህ ያንተ ብረት እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ?»

እኔም፣ «ሐጂ፣ ብረቱስ አይበቅልም፤ የሚበቅለው መሬቱ ነው። አጥንቱ ወደ ብረቱ ተጠግቶ አድጎ ይጨብጠዋል» ብዬ መለስሁላቸው።

«እንግዲያስ ስለ ብረቱ አትጨነቅ፤ መሬቱን መርምር» አሉኝ።

ከብዙ መጽሐፍ ያነበብሁትን ሐጂ በአንድ ቃል ጠቀለሉት። ለተከላ ተገቢ ነው አይደለም የሚባለው በመጀመሪያ መሬቱ ሲታይ ነው። የመንጋጋ ዕድገቱን ያልጨረሰ ልጅ አይተከልለትም፤ አጥንቱ ሲያድግ ብረቱ ባለበት ስለሚቀር ጥርሱ አጥሮ ይታያል። ድዱ የሚደማና የሚመግል ሰው አስቀድሞ ድዱን መታከም አለበት። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይድንለትም፤ የሚከሽፍበትም ጊዜ ይበዛል። የስኳር በሽታው ያልተገታ ሰውም እንዲሁ ነው። አጥንቱ የመነመነበት ሰው አጥንት ካልተጨመረለት በቀር ሥሩ የሚቆምበት ስፍራ አያገኝም፤ ይህም ሌላ ወጪና ሌላ ጊዜ ነው። ደግሞም የተተከለ ጥርስ አይቦረቡርም እንጂ ዙሪያውን የያዘው ድድና አጥንት ይታመማል። ስለዚህ «ብረት ነውና መፋቅ አያሻውም» የሚል ሰው ገንዘቡን ወደ ወንዝ እንደ ጣለ ይቁጠረው።

ከተከላው ሌላ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ድልድይ የሚባለው ነው። በባዶው ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ይሞረዱና እንደ ምሰሶ ሆነው መካከለኛውን ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሸከማሉ። በጥቂት ሳምንት ያልቃል። ጎረቤቶቹ ቀድሞውንም የተጎዱ ከሆኑ መልካም ነው፤ ጤነኞች ከሆኑ ግን የአንዱን ቤት ለመሥራት የሁለት ጎረቤት ግድግዳ ማፍረስ ይሆናል። ሁለተኛው የሚወልቅና የሚገባ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ከሁሉ ርካሽ ነው፤ ሲበላሽም መጠገን ይቻላል፤ ነገር ግን ይንቀሳቀሳል፤ ማታም ወልቆ መታጠብ አለበት። ሦስተኛው መንገድ ባዶውን እንዳለ መተው ነው።

ይህን ሦስተኛውን ስንፍና ነው ብለው አይለፉት። በኔዘርላንድስ፣ በናይሜኸን ከተማ፣ ካይዘር የሚባል የጥርስ ሊቅ በ1981 ባወጣው ጥናት ከበስተኋላ ያሉት መንጋጋ ጥርሶች ቢጎድሉም የፊተኞቹና የመካከለኞቹ ሙሉ ከሆኑ ሰው በደኅና ማኘክ እንደሚችል አስረድቷል። ጃፓኖችም በ1989 ለሕዝባቸው ያወጡት መፈክር «በሰማንያ ዓመት ሃያ ጥርስ» የሚል ነው፤ ሠላሳ ሁለት አላሉም። ስለዚህ ከበስተኋላ አንድ ጥርስ የጎደለው ሰው ጎደሎ ሰው አይደለም።

አሁን ወደ ደሎ መና ልመልስዎ። አገራችን ከሐረና ደን ግርጌ ያለች፣ ቡናና ማር የማይታጣባት ቆላማ ከተማ ናት። ወደ ጎባ ለመውጣት ደኑን አቋርጦ፣ በሪራ በኩል አልፎ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠውን የሳነቴን አምባ መሻገር ያስፈልጋል። እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ መንገዱ በክረምት ይጨቀያል፤ ጉም ሲወርድ ሾፌሩ ከፊቱ አሥር እርምጃ አያይም። ከጎባና ከሮቤ ደግሞ እስከ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። ጥርስ ለማስተከል አንድ ጊዜ ለምርመራና ለራጅ፣ አንድ ጊዜ ለተከላው፣ አንድ ጊዜ ስፌት ለማስወጣት፣ ከወራት በኋላ ለልኬት፣ እንደገና ጥርሱን ለማስገጠም፣ ከዚያም በየዓመቱ ለመታየት መመላለስ ይጠይቃል። እኔም የትራንስፖርቱን፣ የአልጋውንና ከሥራ የምቀርበትን ቀን ስደምር ሐኪሙ ከነገረኝ ዋጋ ላይ ሌላ ብዙ ገንዘብ ተጨመረበት። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ብሎንና የራሱ መፍቻ አለው። ብሎኑ ቢላላ መፍቻው ያለው ሐኪም የሚገኘው ከሳነቴ ማዶ ነው።

እንዲህ ስመዝን ሳለሁ ከቤት ደብዳቤ መጣ። ታናሽ እኅቴ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጥርሷን ታማ ሌሊት አትተኛም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሊያስነቅሉላት ነው። እናቴም «የወተት ጥርስ ነው፤ ይተካል» አለች። በስልክ «የትኛው ጥርስ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ታች፣ በግራ በኩል፣ ከኋላ ያለው ትልቁ ነበር።

ውድ አንባቢዬ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ አላሰብሁም። ለብረቱ ሥር ካጠራቀምሁት ገንዘብ ከፊሉን ይዤ ልጅቷን ወደ ትልቅ ከተማ ወሰድኋት። ሐኪሙ ራጅ አንሥቶ የጥርሱን ሥር አከመ፤ በሁለተኛው ቀጠሮ ሞላውና ሽፋን አደረገለት። የቀሩትን ሦስቱን የስድስት ዓመት ጥርሶች ጎድጓዳቸውን በቀጭን ፕላስቲክ ደፈነላቸው። የሁሉም ወጪ ተደምሮ ከአንዱ ተከላ እጅግ ያነሰ ነበር። እናቴ «ለወተት ጥርስ ይህን ያህል ብር!» ስትል ተቆጣችኝ፤ እውነቱን ባስረዳትም ገና ሙሉ በሙሉ ያመነችኝ አይመስለኝም። በቀረው ገንዘብ የራሴን፣ መቦርቦር የጀመሩ ሁለት ጥርሶች አስሞላሁ። ባዶዬ ግን እንዳለ ነው፤ ምላሴም አሁን ድረስ ትጎበኘዋለች።

ይህን ስል ተከላ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የፊት ጥርሱ የወለቀበት ወጣት፣ ጎረቤቶቹ ጤነኞች ከሆኑ፣ ድዱም ደኅና ከሆነ፣ ገንዘቡንም ያለ ብድር ካገኘ፣ ከዚህ የተሻለ አያገኝም። በአንድ ወገን የማኘኪያ ጥርሶቹን ሁሉ ያጣ ሰውም ሊያስብበት ይገባዋል። በእርጅና ጥርሳቸውን በሙሉ ላጡ ወላጆቻችን ደግሞ በ2002 በሞንትሪያል የተሰበሰቡ ሊቃውንት በታችኛው መንጋጋ ሁለት ሥሮች ብቻ ተተክለው የሚወልቀውን ጥርስ ቢይዙት እንደሚበጅ መስክረዋል። የታችኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ ምላስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚነሣ ስለ ሆነ ለአንድ አዛውንት ሁለቱ ብሎኖች በሹሮና በቆሎ መካከል ያለውን ልዩነት ያህል ናቸው።

ለማስተከል የቆረጡ እንደ ሆነ ግን እነዚህን ሳይጠይቁ ገንዘብዎን አይክፈሉ። የተነገረዎ ዋጋ የሥሩ ብቻ ነው ወይስ አንገቱንና የላዩን ጥርስ ይጨምራል? አጥንቱ በራጅ ታይቶ በቂ መሆኑ ተረጋግጧል? ድድዎ ታክሟል? የሚተከለው የየትኛው ፋብሪካ ሥራ ነው፣ መጠኑስ ስንት ነው? ይህንንም በወረቀት ይቀበሉ፤ ወደ ሌላ አገር ቢዛወሩ ሌላው ሐኪም መፍቻውን የሚያውቀው በዚህ ወረቀት ነው። ቢከሽፍ ማን ይከፍላል? ከዚህ ሌላስ ምን መንገድ አለ? ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የማይሰጥ ሐኪም ካጋጠመዎ ሌላ ዘንድ ይሂዱ።

አስተማሪ ያለ የቤት ሥራ አይሰናበትምና አንድ ልጨምር። ዛሬ ማታ ወደ ቤትዎ ሲገቡ ታናሽ ወንድምዎን ወይም እኅትዎን በመብራት አጠገብ አስቀምጠው አፍ ያስከፍቱ። ከፊት መካከል ተነሥተው ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ስድስተኛው ጥርስ እርሱ ነው። ጥቁር ነጥብ ካዩበት ቀን አይስጡት።