ሽማግሌ የማይላክበት ፍቅር

የአማርኛ ልቦለድ የመጠጥ ቤት ሴት ቸግሮት አያውቅም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የጻፈው በውቤ በረሃ ሴቶች ላይ ነው፤ መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ እስኪታተም አሥርት ዓመታት ጠብቋል። ፍቅር የሚከለክል ቤተሰብም ሞልቶናል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ ስንቱ አንባቢ አልቅሷል። እኔ ያላነበብኩት ሁለቱ የሚገናኙበትን ነው፦ የራሷ ግሮሰሪ ያላት ሴት ሌላ ሴት ወድዳ ከቤተሰብ ጋር የምትፋጠጥበትን የአማርኛ ልቦለድ።

ምክንያቱ ሕጉ ነው የሚል ይኖራል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 መሠረት የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በቀላል እስራት ያስቀጣል፤ ይህን ጸሐፊም አሳታሚም ያውቃል። የሃይማኖቱና የሰፈሩ ቁጣም አለ። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል፤ የአተራረክ ችግር። የእኛ የፍቅር ታሪክ የሚንቀሳቀሰው በጥያቄ ነው። ሽማግሌ ይላካል፤ አባት ዘር ይቆጥራል፤ እምቢ ይላል፤ ልጅቷ ትጠፋለች። ለሁለት ሴቶች ማን ሽማግሌ ይልካል? ጠያቂ ከሌለ ደግሞ እምቢ ባይም የለም።

ሽሮ ሜዳን አስቡት፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ግራና ቀኝ የሐበሻ ቀሚስ የተሰቀለበትን መንገድ። ሙሽራ ከነእናቷ ከነሚዜዎቿ የምትመጣው እዚህ ነው። ልቦለዱን እዚህ ባስቀምጠው፣ አንደኛዋ ሽመናን ከዶርዜ ይዞ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ትሆናለች፤ ለሌላ ሰው ሠርግ ጥለት ስታማርጥ የምትውል። ሌላዋ ከመንገዱ ጀርባ ግሮሰሪ አላት። ድራፍት ትቀዳለች፤ ማን ዱቤ እንደሚከፍል ማን እንደሚክድ ፊቱን አይታ ታውቃለች።

አብረው ቢታዩ ማንም አይደነቅም። በሽሮ ሜዳ ሁለት ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ አንድ አልጋ ላይ ያድራሉ፤ «እህቴ ናት» ካሉ ነገሩ አለቀ። ይህ ለሁለቱ ከለላ ነው። ለጸሐፊው ግን ፈተና ነው፤ ቅርበታቸው ሁሉ አደባባይ ላይ ስለሆነ ድንገት የሚገለጥ ምሥጢር ያጣል።

ሌሎች አፍሪካውያን ጸሐፊዎች በመገለጡ በኩል ሄደዋል። ኡጋንዳዊቷ ሞኒካ አራክ ደ ኒየኮ እ.ኤ.አ. በ2007 የኬን ሽልማት ባገኘችበት «ጃምቡላ ትሪ» ሁለቱን ልጃገረዶች ጎረቤት ትደርስባቸዋለች። በናይጄሪያዊቷ ቺኔሎ ኦክፓራንታ «አንደር ዘ ኡዳላ ትሪስ» ደግሞ እናት ልጇን ልትመልስ መጽሐፍ ቅዱስ ከፍታ ታስተምራለች። በሁለቱም አንድ ሰው አይቶ ይናገራል። የሽሮ ሜዳዋ እናት ግን አይታም አላየሁም ልትል ትችላለች። የምትለው «ቆመሽ ልትቀሪ ነው» ነው። ታላቅ ወንድም «ከመጠጥ ሻጭ ጋር ምን አገናኘሽ?» ይላል። አክስት «ሰው ምን ይላል?» ትላለች። ሁሉም የሚያወራው ስለ ግሮሰሪው ነው፤ ዋናውን ነገር አፍ አውጥቶ መጥራት ስለማይችል ጥሉን ሁሉ ባንኮኒው ላይ ያራግፈዋል። መጠጥ ቤቱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጌጥ የማይሆነው ለዚህ ነው። ቤተሰቡ ሊጣላበት የሚችለው ብቸኛው ነገር እሱ ነው።

ገንዘቡም እዚያው ነው። ባለ ግሮሰሪዋ ታመመች እንበል። ልጅ የላትም። ሳትናዘዝ ብትሞት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወራሾቿ እናትና አባቷ ናቸው፤ እነሱ ከሌሉ እህት ወንድሞቿ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ሳይጋቡ ቢያንስ ሦስት ዓመት እንደ ባልና ሚስት የኖሩ ወንድና ሴት ያፈሩትን የጋራ ያደርገዋል፤ ለእነዚህ ግን አይደርስም። ስንት ዓመት አብራት ብርጭቆ ያጠበችው፣ ፍሪጁን በዕቁቧ ያስገዛቻት ሴት በሕግ ዓይን ደንበኛ ናት።

መውጫው ኑዛዜ ነው፤ ጸሐፊውም መንታ መንገድ ላይ የሚቆመው እዚህ ነው። ተናዛዡ ራሱ በእጁ የሚጽፈው ኑዛዜ ምስክር አይፈልግም። ያንን ከመረጠች ብቻዋን ጽፋ ትቆልፍበታለች፤ ወንድሟ ከቀብር በኋላ ያገኘዋል፤ ጥሉም የሚነሳው እሷ በሌለችበት ይሆናል። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ግን በእሷና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል።

እኔ ሁለተኛውን ማንበብ እፈልጋለሁ። ከደንበኞቿ አራቱን መርጣ ታስቀምጣለች፤ ምናልባት አንደኛው የልጅቷ አጎት ነው። የሚሰሙት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ግሮሰሪዬን ከነዕቃው ለእገሊት ሰጥቻለሁ። በዚህ ውስጥ ወንጀል የለም፤ ሰው ንብረቱን ለወደደው ይሰጣል። አራቱም ግን የሰሙት ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ እያወቁም መፈረም አለባቸው። ሽማግሌ ያልተላከለት ፍቅር በመጨረሻ አራት ሰው ይቀመጥለታል፤ እሺ ወይም እምቢ የሚል ሰው ታሪኩ ውስጥ የሚገባውም ያኔ ነው።

እናንተ ብትጽፉት ከሰፈራችሁ እነማንን ታስቀምጣላችሁ? ማንኛቸውስ ሳይፈርም ይነሳል?