የታጠበውና ጀንፈሉ፦ ከይርጋጨፌ

ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ ቡና ነው፤ ለማያውቀው ግን ጫካ ይመስላል። ዛፉ ከላይ፣ እንሰቱ ከመሀል፣ ቡናው ከጥላው ሥር። የጌዴኦ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው አስተራረስ ነው።

ማጠቢያ ጣቢያው ላይ የአንድ ቀበሌ እሸት ቡና ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ተፈልፍሎ ገንዳ ውስጥ ይብላላል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ሌላው ከነገለፈቱ ይደርቃል፤ ጀንፈል የሚሉት እሱን ነው። ከሁለቱም አልጋ እፍኝ እፍኝ አነሳሁ። የታጠበው ነጣ ያለ ነው፣ ሲያወዛውዙት ይንኳኳል። ጀንፈሉ ጠቁሮ ተጨማዷል፣ እጅ ይይዛል፣ የደረቀ ፍራፍሬ ይሸታል። ቡናው በምን ይፈላ፣ በጀበና ወይስ በወረቀት ፊልተር፣ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ አልጋ ላይ ይመስለኛል፤ የአካባቢው ስም ብቻውን አይበቃም።

ማታ ባረፍኩበት ቤት ሁለቱም ለየብቻ ለስለስ ተደርገው ተቆሉ። እኔ የያዝኩት ትንሽ ማጥለያና የወረቀት ፊልተር ነው፤ ለ15 ግራም ቡና 250 ሚሊ ሊትር ውሃ። 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በረድ እስኪል መጠበቅ አያስፈልግም። ያስቸገረኝ ውቅጡ ነው። ሙቀጫ ሸካራና ልም ቀላቅሎ ይሰጣል፣ ልሙ ደግሞ ወረቀቱን ይደፍነዋል። በወንፊት ለየሁት፤ ልሙን የቤቱ እናት ለጀበናቸው ወሰዱት።

ወረቀቱ ቅባቱንና ደቃቁን ስለሚያስቀር የታጠበው ቡና ኩልል ብሎ ወረደ። እናት ስኒውን አሸተቱና፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ የቡና አበባ ነው የሚሸተው!» አሉ። ፉት ብለው ደግሞ፣ «ቀጠነ እንጂ» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ እኔ ግን ለዚያ አበባ ስል ቅጥነቱን እቀበላለሁ። ያው ቡና ጀበና ውስጥ ሲንተከተክ የአበባው መዓዛ ከእንፋሎቱ ጋር ሄደ። ጀንፈሉ ላይ ነገሩ ተገላበጠ። በወረቀት ሳጠልለው ሳሳብኝ፣ በጀበና የተቀዳው አቦል ግን ወፍራም ነበር፣ ወይን ወይን የሚለው ጣዕሙም አፍ ላይ ይቆያል። ቶናው እንኳ አልለቀቀውም።

ነገ ወደ ጉጂ፣ ወደ ሐምበላ አልፋለሁ። እዚያ የምፈልገው ጀንፈሉን ስለሆነ ፊልተሩ ቦርሳ ውስጥ ይቆያል፤ ባረፍኩበት ሁሉ ጀበና እጠይቃለሁ።