ሆዴን አሞኛል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ በባዕድ ሀገር የምትማሩ ከሆነ ይህ ፈተና እናንተንም ሳያገኛችሁ አልቀረም። በፀደይ ዕረፍት ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ወደ ቬኒስ ሄድሁ። ሳምንቱ ኒቆዲሞስ ነበር። መኪና በማይገባባት፣ መንገዱ በድንገት ውኃ ላይ በሚያልቅባት በዚያች ከተማ ስንጠፋ ስንገኝ አረፈድን። ቀትር ላይ አይብ የበዛበት ምግብ ሲቀርብልኝ «እጾማለሁ» ማለት አፍሬ «ሆዴን አሞኛል» አልሁ።

ከዚያ ወደ ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ገባን። ጉልላቶቹ ከውስጥ በወርቃማ ሞዛይክ ተሸፍነዋልና ሁሉ ቀና ብሎ ያያል፤ የእኔ ዓይን ግን ከመንበሩ ሥር ቀረ። አባቶቻችን ለዘመናት ከመንበሩ ጳጳስ ይቀበሉለት የነበረው የወንጌላዊው ዐፅም በዚያ አርፏል። እ.ኤ.አ. በ828 የቬኒስ ነጋዴዎች ከእስክንድርያ ሲወስዱት፣ እንደሚተረከው፣ ጠባቂዎች እንዳይፈትሹ በእሪያ ሥጋ ሸፈኑት። (ከፊሉ በ1968 ወደ ግብፅ ተመልሷል፤ በካይሮው ካቴድራል ምረቃ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተገኝተው ነበር።)

እነርሱ ዐፅሙን በእሪያ ሥጋ፣ እኔ ጾሜን በሐሰት! በዚያ ቆሜ ለማማተብ እንኳ አስቀድሜ ጓደኞቼ ወዴት እንደሚያዩ ተመለከትሁ።

ማታ እውነቱን ነገርኋቸው። ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንዷ ግን «ታዲያ ለምን ቀን አልነገርኸንም?» ብላ፣ ማሪናራ የሚባለውን፣ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት እንጂ አይብ የሌለበትን ፒዛ አዘዘችልኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።