ሆድ ሲወራለት፣ አንጀት ሲታፈርበት

በአማርኛ የፖለቲካ ቋንቋ ውስጥ የሆድን ያህል የሚዘወተር የአካል ክፍል ያለ አይመስለኝም። የማንወደውን ሹም «ሆድ አደር» እንለዋለን፤ ነገሩ ሲከብደን «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንተወዋለን፤ ያስደሰተንን ደግሞ «አንጀት አርስ» እያልን እናወድሳለን። ይህ ሁሉ ግን ወደ ሆድ ስለሚገባውና በሆድ ውስጥ ስለሚቀረው ነው። ከሆድ የሚወጣው ሲነሣ ቋንቋችን ድንገት ድዳ ይሆናል፤ ወይም «ዓይነ ምድር» የሚል ጌጥ ደርቦበት በፍጥነት ያልፋል።

ይህን ድዳነት በጥሞና ለመመርመር ጊዜ ያገኘሁት ባለፈው ዓመት ነው። የትልቁ አንጀቴ የመጨረሻ እጥፋት፣ ሐኪሞች ሲግሞይድ የሚሉት፣ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ተዘጋ። በሀገራችን ቀዶ ሐኪሞች ዘንድ በጣም የታወቀ፣ ወንዶች ላይ የሚበዛ ሕመም ነው። ከጅግጅጋ ሐረር ተወስጄ ሆዴ ተከፈተ፤ የተጠመዘዘው ተቆርጦ ጫፍና ጫፉ ተሰፋ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በየጠዋቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቀኝ ነበር፤ «አየር ወጣ?» አንጀት ሲነካካና ሰውነት ሲደነዝዝ ሥራውን ያቆማል፤ መንቃቱ የሚታወቀው በዚያ አየር ነው። የዶክትሬት ጽሑፌን የፈተኑኝ መምህራን እንኳ መልሴን ያን ያህል በጉጉት አልጠበቁም።

ወደ ጅግጅጋ ስመለስ የተሰጠኝ ደንብ አጭር ነበር፤ በርበሬ፣ ጥራጥሬ፣ ጥሬ አትክልትና ለውዝ ለጥቂት ሳምንታት ይቅር፤ ትንሽ ትንሽ በተደጋጋሚ ብላ፤ ውሃ ጠጣ። (መንገዱ በባቢሌ ለሚያልፍ ሰው ለውዝ ይቅር መባል ቀላል ፈተና አይደለም።) በሽሮ ላደገ ደገኛ የሶማሌ ማዕድ ያልታሰበ መድኃኒት ሆነልኝ፤ ነጭ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ለስላሳው ላሆህ። አንዲት እናት የሆኑ ጎረቤቴ የግመል ወተት በጆግ ይዘው መጡና «ማዓሊን፣ ጠጣ፤ ሆድ ያጥባል» አሉኝ። ማጠቡ እውነት ነው፤ ችግሩ የእኔ ሆድ በዚያን ሰሞን መታጠብ አልጎደለበትም።

የትልቁ አንጀት ዋና ሥራ ውሃን መልሶ ወደ ሰውነት መምጠጥ ነው። ሲያጥርና ሲደነግጥ ውሃው ያመልጣል። በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ፣ ያውም ጊዜ በማይሰጥ ጥሪ መሮጥ ነበረብኝ። ለሁለት ሰዓት ትምህርት ስገባ በሩ አጠገብ እቆም ነበር። ለምርመራ ሐረር መመላለሱ ከሁሉም ይከፋ ነበር። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ የካራማራን ተራራ ተሻግሮ፣ በዳካታ ድንጋዮች መካከል ያልፋል። ቱሪስት ድንጋዮቹን ፎቶ ያነሣል፤ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ወንድ ከኋላቸው ይቆማል። ሴቶቹስ? አንዲት የሥራ ባልደረባዬ መንገድ ባለባት ቀን ከማለዳ ጀምሮ ውሃ እንደማትጠጣ ነገረችኝ። ለአንጀት ሕመምተኛ ይህ ብልሃት መርዝ ነው።

የረዱኝ መስጊዶች ናቸው። ለውዱ ውሃ የማይለየው ሽንት ቤት አላቸው። ክርስቲያን መሆኔ በመልኬም በስሜም የታወቀ ቢሆንም ዘበኛው የውሃ ጆጉን ከማቀበል በቀር አንድም ቃል ጠይቆኝ አያውቅም።

እንግዲህ ኀፍረቱ የእኔ ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁት ነበር። መንግሥትም ያፍራል። በ2009 ዓ.ም. ድርቁ ቢርካዎቹን ባራቆተ ጊዜ በክልላችን፣ በተለይም ከእኛ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በዶሎ ዞን፣ ሰዎች ከአንጀታቸው በሚፈስ ውሃ ሞቱ። በመግለጫው ቋንቋ ሕመሙ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ነበር፤ ባጭሩ «አተት»። ኮሌራ የሚለው ስም እንደ ነውር ተሸሸገ። ለንግድና ለቱሪዝም ሲባል ነው የሚሉ ነበሩ። አተት ግን የምልክት ስም እንጂ የበሽታ ስም አይደለም፤ በአፍ የሚሰጠው ክትባት ከዓለም አቀፉ ክምችት የሚጠየቀው ለኮሌራ ነው እንጂ ለአተት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ወረርሽኙ በሌሎች ክልሎችም በተነሣ ጊዜ ባለሥልጣናቱ ኮሌራ ብለው በስሙ ጠሩት፤ ሰማይም አልተደፋም።

ውሃ ከሰውነት ሲሸሽ ምን እንደሚመስል አሁን አውቃለሁ፤ አፍ ይደርቃል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ስንነሣ ምድር ትዞራለች። ለእኔ ፋርማሲው ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ነበር። ባይኖርም አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃኝ ነበር። ለዋርዴር አርብቶ አደር ከእነዚህ ሦስቱ እጅግ ብርቁ የመጀመሪያው ነው።

ዛሬ ሽሮዬን ያለ ፍርሃት እበላለሁ። ከቤቴ እስከ መናኸሪያው ድረስ ውሃ ያለባቸውን በሮች ግን አሁንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ሦስት መስጊዶች፣ ሁለት ምግብ ቤቶች፣ እና ባለቤቱ «ወላል፣ ግባ» የሚለኝ አንድ የጨርቅ ሱቅ።