ባልጩት

ወደ ገጠር ሲወጣ እንደ ከተማ ሰው የሚቸኩል የለም። ስድስት ሆነን፣ ስድስት ብስክሌት በአንድ አይሱዙ ጭነን፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን መልካ ቁንጡሬ ወረድን። ወሩ ኅዳር ነው፤ ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል። ሐሳባችን ከአዋሽ ዳር ተነሥተን በኮረኮንቹ መንገድ ባልጩት ድረስ ወጥተን መመለስ ነበር።

ከስድስታችን አምስታችን በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነን። ስድስተኛው ጡረታ የወጡ መምህር፣ የሰፈራችን ጋሼ ናቸው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከኋላዬ ኮርቻውን ይዘው እየሮጡ ብስክሌት መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አብረውን እንዲመጡ የለመንኳቸውም እኔ ነኝ።

«ማንም ማንንም ጥሎ አይሄድም» ተባባልን። ሸክማቸውን ላቅልልላቸው ብዬም የጋሼን የውሃ ኮዳ እኔ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። አንባቢ ይህችን ልብ ይበልልኝ።

ከመነሣታችን በፊት ሙዚየሙን ጎበኘን። ሥፍራው በተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ጄራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ የጥንት የድንጋይ መሣሪያዎችን ካገኘበት በኋላ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከባልጩት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እኔን ግን ከሁሉ ይበልጥ የያዘኝ የዱካዎቹ ነገር ነው። ጎምቦሬ በተባለው ቦታ፣ ጉማሬና ሌሎች እንስሳት በረገጡት ጭቃ ላይ፣ 700,000 ዓመት ገደማ የሆነው የሰው ዘር ዱካ ተገኝቷል። ከአዋቂዎቹ ሌላ የሕፃናት እግርም አለበት።

ከዚያ ጉዞ ጀመርን። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ይንጣጣል፤ አቧራው ይነሣል፤ የመንደሩ ልጆች እየጮሁ ይከተሉናል። አንዱ ሲቀድም ሌላው እልህ ይይዘዋል። እኔም ያዘኝ። አንድ ግራር ሥር ቆመን ስንቆጠር አምስት ሆንን።

ጋሼ ጋ ብንደውል አይነሣም። «ቀስ ብለው ይደርሳሉ» አለ አንዱ። «አዎ፣ ይደርሳሉ» አልኩ እኔም። ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ተሳሳቅን። ግማሽ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ውሃ ልጠጣ ቦርሳዬን ስከፍት እጄ ላይ የወጣው የእሳቸው ኮዳ ነበር። ፀሐዩ ያን ጊዜ አናት ይበሳል። ለማንም ሳልናገር ብስክሌቴን አዙሬ ሮጥኩ።

ጋሼን ያገኘኋቸው አንድ ጎጆ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነው። የኋላ ጎማው ተፈቷል። ከመነዳሪው ሳፋ ውሃ ውስጥ ተነክሯል፤ አንድ ትንሽ ልጅ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ በጣቱ ደፍኗል። የቤቱ እመቤት አሬራ በጣሳ ይዘው ቆመዋል።

«መጣሽ?» አሉኝ ጋሼ። ቁጣ የለበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ነው። ባልጩት! መንደሩ ስሙን ያገኘበት ድንጋይ። በዚህ አካባቢ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ሰው እየፈለጠ ሲቆርጥበትና ሲፍቅበት ኖሯል። ስለቱ ዛሬም አልዶለዶመም፤ የጋሼን ጎማ ዘልቆታል።

ሴትዮዋ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። በወጣትነታቸው በኦሮሚያ ገጠር ያስተማሩት ጋሼ ሳቅ ብለው መለሱላቸው።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«ጥለውህ የሄዱት ልጆችህ ናቸው ወይ? አሉኝ።»

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

«አልጣሉኝም፤ ከፊት ሆነው መንገድ እያዩልኝ ነው አልኳቸው።»

ኮዳቸውን ሰጠኋቸው። አሬራ ስለጠገቡ ውሃውን ለልጁ ሰጡት። ድንጋዩን ለማስታወሻ ልውሰደው ብላቸው «ይህ የሚወሰድ አይደለም» ብለው ከመንገዱ ራቅ አድርገው፣ እግር የማይረግጥበት ቦታ መለሱት።

ስንመለስ ጋሼን አስቀደምናቸው። አምስታችንም ከኋላ፣ በእሳቸው ልክ ነዳን። አዋሽ የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። በዚያ ጭቃ ላይ ማን ማንን እንደጠበቀ ዱካው አይናገርም። ሆኖም ሕፃን ይዞ የሄደ ሰው እርምጃውን በሕፃኑ ልክ ሳያደርግ የሚቀር አይመስለኝም። እኔ ይህን ለመማር የአንድ ሰው ጎማ መተንፈስ ነበረበት።