የቅዱስ ያዕቆብ ኦርጋን

ከሐምቡርግ ዋናው ባቡር ጣቢያ ወጥቶ በሱቆቹ መንገድ ጥቂት የተራመደ ሰው በቀይ ጡብ የተሠራውን የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ትልቁ ኦርጋን በምዕራብ በኩል ከፍ ያለ ሰገነት ላይ ነው ያለው። ምእመኑ ግን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ይቀመጣል። ስለዚህ ሙዚቃው ከጀርባ ይመጣል፤ ተጫዋቹም አይታይም። ካህናት ሲያሸበሽቡ፣ ጽናጽል ሲነቃነቅ፣ ከበሮ መቺው በላብ ሲጠመቅ እያየሁ ላደግሁት ለእኔ ከሁሉ በላይ ግራ ያጋባኝ ይህ ነበር። ያን ሁሉ ድምፅ ማን እንዳወጣው ዞር ብሎ የሚያይ እንኳ የለም።

በየሰርግ ቤቱ የምናውቀው ኦርጋን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። የዚህኛው ወገኖች ግን ዋሽንትና እምቢልታ ናቸው፤ ያለ አየር አይናገርም። የሠራው አርፕ ሽኒትገር ሲሆን፣ ያለቀውም በ1693 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 4,000 ያህል ቧንቧዎች አሉት።

ከሙዚቃ ዝግጅቱ በኋላ ጥቂቶቻችንን ወደ ሰገነቱ አወጡን። አራት የእጅ ቁልፍ ረድፎች አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው በእግር የሚረገጡ የእንጨት ዘንጎች አሉ። በግራና በቀኝ ደግሞ የሚሳቡ እጀታዎች ተሰልፈዋል። እያንዳንዱ እጀታ ከ60ዎቹ የድምፅ ዓይነቶች አንዱን ይከፍታል፤ አንዱ እንደ ዋሽንት ይለሰልሳል፣ ሌላው እንደ መለከት ይጮኻል። አስጎብኚያችን አንድ ቁልፍ እንድጫን ፈቀደችልኝ። ቁልፉ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ትንሽ ስገፋው ድንገት ለቀቀ። እምቢ ያለው ነፋሱ ነው። ቁልፉ በረጃጅም ቀጫጭን እንጨቶች አማካይነት ከቧንቧዎቹ ሥር ያለውን ክዳን ይስባል፤ ከወናፉ የመጣው አየር ደግሞ ክዳኑን እንደተዘጋ ሊያቆየው ይታገላል። በሽኒትገር ዘመን ወናፉን እየረገጡ የሚነፉ ሰዎች ነበሩ፣ እነሱም እንደ ተጫዋቹ የማይታዩ። ዛሬ ሥራው የሞተር ነው።

ጠበቅ አድርጌ ተጫንኩ፤ ድምፁ አልጨመረም። ለስለስ አደረግሁት፤ አልቀነሰም። የሚጎላው ሌላ እጀታ ሲሳብ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጣት እስካልተነሣ ድረስ ድምፁ ባለበት ጸንቶ ይቆያል። የበገና አውታር ግን ገና እንደተመታ መክሰም ይጀምራል። የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ፉጋዎች ለዚህ መሣሪያ እንዲህ የተስማሙት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አንድ ዜማ ብቻውን ይገባል፣ ሁለተኛው ያንኑ ይዞ ይከተለዋል፣ ሦስተኛው ይጨመራል፤ አንዱ አንዱን ሳይውጠው እስከ መጨረሻው አብረው ይዘልቃሉ። እኔም ቀስ በቀስ ከታች፣ በእግር ከሚረገጡት ዘንጎች ድምፅ ጀምሬ ማዳመጥ ለመድሁ። ከረጃጅሞቹ ቧንቧዎች ትልቁ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል፤ በሴኮንድ 16 ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚርገበገበው። ያንን ጆሮ ሳይሆን አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ወገብ ነው የሚሰማው።

ኦርጋን በእኛም አገር ታይቶ ያውቃል። በ1520 የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ለዐፄ ልብነ ድንግል ካቀረቧቸው ስጦታዎች መካከል ሰይፍ፣ የዓለም ካርታና ኦርጋን እንደነበሩ አብሯቸው የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፏል። ተጫዋቹንም አስከትለው ነበር። ከበሮና ጽናጽል ሙሉ በሆነበት ቤት ግን ሥር አልሰደደም፤ እኔም አልፈርድም።

የሐምቡርጉ ኦርጋን ሁለቱን የዓለም ጦርነቶች ያለፈው በመከራ ነው። በ1917 ከፊት ለፊት የሚታዩት የቆርቆሮ ማዕድን ቧንቧዎች ለጦርነቱ ተወስደው ቀለጡ። በሁለተኛው ጊዜ አስቀድመው ነቁ፤ ቧንቧዎቹን ፈታትተው ሸሸጉ። በ1944 ቤተ ክርስቲያኑ በቦምብ ሲነድ ቧንቧዎቹ ይቆሙበት የነበረው ሳጥን ተቃጠለ፣ ቧንቧዎቹ ተረፉ። ዩርገን አሬንድ የሚባል ባለሙያ ለዓመታት ሠርቶ በ1993፣ ልክ በ300 ዓመቱ፣ ወደ ቀድሞ ይዞታው መለሰው።

ባኽ ራሱ ይህን ኦርጋን ተመኝቶት ነበር። በ1720፣ ሚስቱ በሞተችበት ዓመት፣ የ35 ዓመት ሰው ሳለ ለተጫዋችነቱ ቦታ አመለከተ። በከተማዋ በሌላ ቤተ ክርስቲያን ተጫውቶ አረጋዊውን ሊቅ ራይንከንን አስደንቆ ነበር። ሆኖም የፈተናው ቀን ሳይደርስ አለቃው ወደነበሩበት ወደ ኮተን ተመለሰ። ቦታው ዮሐን ዮአኪም ሃይትማን ለሚባል ሰው ተሰጠ፤ ሃይትማንም ለቤተ ክርስቲያኑ 4,000 ማርክ ከፈለ። በነጋዴ ከተማ ወንበርም ዋጋ አለው። የደብሩ ሰባኪ ኤርድማን ኖይማይስተር ነገሩ አንገብግቦት ለገና ስብከት አነሣው፤ ከቤተልሔም መላእክት አንዱ ወርዶ እዚህ ለመቀጠር ቢለምን፣ የቱንም ያህል ቢጫወት፣ ኪሱ ባዶ ከሆነ በመጣበት ከመብረር ሌላ ምርጫ የለውም አለ።