የእማማ ፍሪጅ
ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለብን ሰዎች ያለ ኢንሱሊን አንኖርም። ያልተከፈተው ብልቃጥ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ በረዶ ከሆነም ይበላሻል። እኔ ፍሪጅ የለኝም። ጎረቤቴ እማማ ከቅቤው ዕቃ አጠገብ ቦታ ለቀውልኛል። መብራት ሲጠፋ "በሩን እንዳትከፍቱ፣ የልጄ መድኃኒት አለበት!" እያሉ ቤተሰቡን ይቆጣሉ።

ሌሊት ስኳሬ ወርዶ ላብ ሲያጠምቀኝ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ፣ ግድግዳውን እደበድባለሁ። ስኳር በጥብጠው ይመጣሉ። ራሴን ከሳትኩ ግን በአፌ ምንም ሳይሰጡኝ ሐኪም ቤት እንዲያደርሱኝ ነግሬያቸዋለሁ። ሕመማችሁን የምትደብቁ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ይህችን እንኳ ለአንድ ሰው ንገሩ። መርፌውን ራሴ እወጋለሁ፤ ሌሊቱን ግን ለብቻዬ አልችለውም ነበር።

እማማ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።